ሰባት ቀን በሳራዬቮ ገበታ



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች! ባልና ሚስት ለዕረፍት ሲወጡ ጊዜያቸውን በምን ቢያሳልፉት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብን ያነጋግራል። አንዱ ታሪካዊ ቦታ መጎብኘትን፣ ሌላው ገበያ መውጣትን፣ ሌላው ደግሞ ዘመድ ጥየቃን ያስቀድማል። ሁሉም መልካም ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ስለ አንድ ቀላል ነገር ልናወጋችሁ ወደናል፤ ይኸውም ስለ መብላት ነው።

እኛ ባልና ሚስት ባለፈው ሐምሌ፣ በአገራችን ዝናቡ በሚበረታበት በአውሮፓ ግን ፀሐይዋ በምትጠነክርበት ወቅት፣ የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ዋና ከተማ በሆነችው በሳራዬቮ ሰባት ቀን አሳልፈናል። ለጉዞው ያነሳሳን ዋና ምክንያት አብሮ መብላት ነበር ብንላችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። የስደት አገር ኑሮ የገባው ሰው ግን ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ይረዳል። በምንኖርበት በጀርመን አገር ከሁለታችን አንዳችን በቀን፣ አንዳችን በሌሊት ፈረቃ እንሠራለን። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ወጡ በድስት ተከድኖ፣ እንጀራው በማቀዝቀዣ ውስጥ ተጠቅልሎ ባለተራውን ይጠብቃል። በሳምንት ውስጥ ከአንድ ትሪ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንበላው እሑድን ብቻ ነው። ጉርሻ የለመደ ሰው ብቻውን ሲበላ ምን እንደሚሰማው ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለሆነም ቁርሱንም ምሳውንም እራቱንም አብረን የምንበላበት አንድ ሳምንት ተመኘን።

ሳራዬቮን የመረጡልን እማማ እያልን የምንጠራቸው፣ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ቦስኒያዊት ጎረቤታችን ናቸው። በ1990ዎቹ ጦርነት ጊዜ አገራቸውን ለቀው ወደ ጀርመን ከመጡት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቦስኒያውያን አንዷ ናቸው። መሄዳችንን ሲሰሙ በአንድ ወረቀት ላይ ዘጠኝ የምግብ ዓይነቶች በእጃቸው ጽፈው ሰጡን። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ከዘጠኙ ለየት አድርገው «መርሐመት» የምትል አንዲት ቃል አሰፈሩ። «ዘጠኙን ብትረሱ ግድ የለም፤ ይህችን ግን እንዳትረሱ» አሉን። ምን ማለታቸው እንደነበር ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከእንግዳ ማዕድ የተነሣች ከተማ

ሳራዬቮ ዙሪያዋን ተራራ የከበባት፣ ሚልያትስካ የሚባል አነስተኛ ወንዝ መሐል ለመሐል የሚፈስባት ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቆረቆራት የኦቶማኑ ገዥ ዒሳ ቤግ ኢስሐቆቪች ነው። ስሟም «ሰራይ» ማለትም ቤተ መንግሥት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በ1462 የተጻፈው የዒሳ ቤግ የወቅፍ ሰነድ የከተማዋ የልደት ወረቀት ተደርጎ ይቆጠራል። የሚያስደንቀው ነገር በዚያ ሰነድ ውስጥ ወቅፍ ከተደረጉት አንዱ መንገደኛና ድሃ የሚያርፍበትና የሚመገብበት ቤት መሆኑ ነው። ከተማይቱ ስትቆረቆር ከቤተ መንግሥቱና ከገበያው ጎን የእንግዳ ወጥ ቤት አብሮ ታስቦ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎም ጋዚ ኹስረው ቤግ የተባለው ገዥ በስሙ የሚጠራውን ታላቅ መስጊድ በ1531 ገደማ አሠርቶ አስጨረሰ። በዚህ ብቻ ሳይወሰን መድረሳ፣ ቤተ መጻሕፍትና የእንግዳ ማረፊያ ጨመረ። «ዒማሬት» የተባለ፣ ለድሆች፣ ለተማሪዎችና ለመንገደኞች በነጻ የሚያበላ ወጥ ቤትም ወቅፍ አደረገ። እንግዲህ ይህች ከተማ ገና ከጥንቷ እንግዳን ማብላት እንደ አንድ ትልቅ ተቋም የተደራጀባት ናት።

የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል ባሽቻርሺያ ይባላል፤ ዋና ገበያ ማለት ነው። መንገዶቹ ጠባብና በድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። በየሰፈሩ ያለው የእጅ ሙያ የተለያየ ሲሆን፣ በመዳብ አንጥረኞቹ መንገድ ስታልፉ የመዶሻው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማችኋል። በአደባባዩ ላይ «ሰቢል» የሚባል የመጠጥ ውኃ ምንጭ አለ። መጀመሪያ በ1753 የተሠራው ሰቢል ፈርሶ በኦስትሪያ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። ዛሬም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይጠጣበታል። ከዚህ ውኃ የጠጣ ሰው ተመልሶ ወደ ሳራዬቮ ይመጣል የሚል የአገሬው አባባል አለ።

ከመስጊዱ አጠገብ የቆመው የሰዓት ማማ ደግሞ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ነገር አለው። የማማው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አይደለም። ጀንበር ስትጠልቅ፣ የመግሪብ ሶላት በሚደርስበት ጊዜ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይውላል። የቀኑ ርዝመት ስለሚለዋወጥም ሰዓቱን የሚያስተካክል ሠራተኛ ተመድቦለታል። በባዕድ አገር ዓመታት ሙሉ «ስድስት ሰዓት ማለት አሥራ ሁለት ነው» እያልን በልባችን ስንተረጉም ለኖርን ሰዎች፣ በአውሮፓ መሐል ጀንበር ስትጠልቅ አሥራ ሁለት የሚል ሰዓት ማየት እንግዳ ደስታ ይሰጣል። ለሰባት ቀን የእራት ቀጠሯችን በዚህ ሰዓት ነበር።

ከላይ እሳት ከታች እሳት

ከዘጠኙ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያለው ቡሬክ ነው። ሊጡ እንደ ፈጢራ ከስስነቱ የተነሳ ወዲያ ማዶ እስኪያሳይ ድረስ ይለጠጣል። በላዩ የተፈጨ ሥጋና ሽንኩርት ይነሰነስበታል፤ ከዚያም እንደ ገመድ ተጠቅልሎ በክብ ትሪ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ይዞራል። በጥንታዊው አሠራር ትሪው ፍም ላይ ይጣድና «ሳች» በሚባል የብረት ክዳን ይከደናል። በክዳኑ ላይም ፍም ይደረግበታል። ድፎ ዳቦ ስትጋግር እናቱን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይገነዘባል፤ ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት ነው። የሚሸጠውም በሚዛን ነው። የምትፈልጉትን ያህል ግራም ተናግራችሁ ትቀበላላችሁ፤ ከጎኑም የረጋ እርጎ ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በቦስኒያ ቡሬክ የሚባለው ሥጋ ያለበት ብቻ ነው። ሌላው በጠቅላላ ስሙ «ፒታ» ነው። አይብ ያለበት ሲርኒትሳ፣ ቆስጣ መሰል ቅጠልና አይብ ያለበት ዜልያኒትሳ፣ ድንች ያለበት ክሮምፒሩሻ ይባላል። ከሁለታችን ባል የሆነው በመጀመሪያው ጠዋት «የአይብ ቡሬክ» ብሎ ሲያዝ፣ ባለ ሱቁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ልዩነቱን አስረዳው። የዶሮ ወጥና የምስር ወጥ አንድ ናቸው ለሚል እንግዳ እኛም ዝም የምንል አይመስለንም።

ሁለተኛው ቼቫፒ ነው። የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ አንዳንዴም ከበግ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ፣ እንደ ጣት በአጭሩ እየተድበለበለ በከሰል ፍም ላይ ይጠበሳል። የሚቀርበው «ሶሙን» በሚባል ለስላሳ ክብ ቂጣ ውስጥ ሲሆን፣ ሶሙኑም በዚያው ፍም ላይ በሥጋው ስብ ሞቅ ይደረጋል። ከጎኑ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት አለ። «ካይማክ» የሚባለውን ከወተት ሰልባቦት የሚሠራ ወፍራም ክሬም የፈለገ ይጨምራል። ስጎ የሚባል ነገር የለም፤ አገሬው ስጎ ለሚጠይቅ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። የሚታዘዘው በቁጥር ነው፤ አምስት ወይም አሥር ፍሬ። በአንድ ትሪ አሥር ፍሬ አዘን ሁለታችን ከአንድ ሶሙን ቆርሰን ስንበላ በአጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓይተውን ፈገግ አሉ። ጉርሻ ሲያዩ ደግሞ ሳቁ። «እንዲህ ያለው ነገር በኛ አገር ለሙሽሮች ነው» አሉን። ሃያ ዓመት መጋባታችንን ስንነግራቸው ባለ ሱቁን ጠርተው ሁለት ብርጭቆ እርጎ በስማቸው አስመጡልን።

ሶሙን በተለይ በረመዳን ይወደዳል። በጾሙ ወር በሶሙኑ ላይ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነስበታል። ከመግሪብ በፊትም በየዳቦ ቤቱ በር ረጅም ሰልፍ ይታያል። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ከከተማዋ በላይ ካለው «ቢጫው ምሽግ» ከሚባል ከፍታ መድፍ ይተኮሳል። እኛ የሄድነው ከረመዳን ውጪ በመሆኑ ይህንን አላየንም። ቢሆንም ምሽቱን በዚያው ከፍታ ሣር ላይ ተቀምጠን፣ ከታች በመቶ የሚቆጠሩ ሚናራዎች አንድ በአንድ መብራታቸው ሲበራ ተመልክተናል።

ለእራት የሚሆኑት ሾርባዎችና የቅጠል ጥቅሎች ናቸው። ቤጎቫ ቾርባ ማለት የቤጉ ሾርባ ማለት ሲሆን ከዶሮ፣ ከካሮትና ከባሚያ ይሠራል። ያፕራክ ደግሞ ሥጋና ሩዝ በወይን ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል ነው። ክሌፔ የተባለው በሥጋ የተሞላ የሊጥ ከረጢት እርጎና ነጭ ሽንኩርት ይፈስበታል። ለማጣጣሚያ ቱፋሒያ አለ። በስኳር ውኃ የበሰለ ሙሉ ፖም መሐሉ ተፈልፍሎ በለውዝ መሰል ዋልነት ይሞላና ክሬም ይደረግበታል። ስሙ «ቱፋሕ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል መምጣቱን የቁርኣን ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ባቅላባማ ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

እራት ከበላንባቸው አንዱ ከወንዙ ማዶ ያለው «ኢናት ኩቻ» ነው፤ የእልህ ቤት ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦስትሪያ መንግሥት የከተማውን አዳራሽ ለመሥራት አንድ ቤት ማፍረስ ፈለገ። የቤቱ ባለቤት እምቢ አለ ይባላል። በመጨረሻ የተስማማው ቤቱ ጡብ በጡብ ተነቅሎ ወንዙን ተሻግሮ እንደነበረው እንዲተከልለት ነው። ዛሬ ያ ቤት ምግብ ቤት ሆኖ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ቆሟል። ስለ አዳራሹ ቀጥሎ የምንለው አለን።

ፍንጃልና ፊልጃን

ቡና ከኛ አገር ተነሥቶ የመንን፣ ከዚያም የሙስሊሙን ዓለም አዳርሶ ከኦቶማኖች ጋር ቦስኒያ እንደደረሰ ይታወቃል። በሳራዬቮ ግን መንገዱን በጣታችን የነካን ያህል ተሰማን። የቡና መጠጫዋ እጀታ የሌላት ትንሽ ሲኒ «ፊልጃን» ትባላለች። እኛም አገር ፍንጃል የሚል ሰው ዛሬም አለ። ሁለቱም ከአንድ ቃል የወጡ ወንድማማቾች ናቸው።

የቦስኒያ ቡና አፈላል ከቱርክ የተለየ ነው ብለው አገሬዎቹ አጥብቀው ይናገራሉ። ውኃው ለብቻው ይፈላል። የተቆላውና የተፈጨው ቡና «ጄዝቫ» በሚባለው የመዳብ ዕቃ ይደረግና የፈላው ውኃ ይፈስበታል። ከዚያም እንደገና እሳት ላይ ተጥዶ አረፋው ሲነሳ ይወርዳል። በመዳብ ትሪ ላይ ከስኳር አንኳርና ከራሐት ሎኩም ጋር ይቀርባል። ስኳሩ ሲኒው ውስጥ አይጨመርም። ጫፉ ቡናው ውስጥ ነከር ተደርጎ ይነከስና ቡናው በላዩ ፉት ይባላል።

የኛ አገር ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። የነሱም ቡና እንደየሁኔታው ስም አለው። እንግዳ ሲገባ የሚቀርበው «ዶቼኩሻ» ይባላል፤ የመቀበያ ቡና ማለት ነው። ጨዋታው ሲሞቅ የሚመጣው «ራዝጎቮሩሻ» ነው፤ የጨዋታ ቡና። እንግዳው ሳይነሳ ከመሸ ደግሞ «ሲክቴሩሻ» ይመጣል፤ በጨዋ አማርኛ «እንግዲህ በሰላም ግቡ» የሚል ቡና ነው። የኛ ሦስተኛው በረካ ነው፤ የነሱ ሦስተኛው መሸኛ ነው። እንግዳ ሆኖ ለሄደ ሰው ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ የድሮ የነጋዴዎች ማረፊያ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የጨዋታ ቡናችንን ጠጣን። ስልካችንን ዘግተን ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በቤታችን ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ተገናኝተን «ደኅና ዋልሽ? ደኅና አደርክ?» ብቻ የተባባልንበትን ነገር ሁሉ አወራነው። ስለ ልጃችን ትምህርት፣ ስለ አገር ቤት ስለምንልከው ገንዘብ፣ ስለ ጉልበታችን መድከም፣ እስከ መቼ በዚህ ሁኔታ እንደምንኖር ተነጋገርን። ከመሐላችን ሚስት የሆነችው «አንተ ስትገባ እኔ ስወጣ የሚተርፈን ግማሽ ሰዓት አለ፤ ለምን እሱን አንይዘውም?» አለች። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ የሌሊቱ ሠራተኛ ሲመለስ የቀኑ ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት የቡናና የቁርስ ጊዜያችን ሆነች። ከጉዞው ያተረፍነው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ገበታው ባዶ የነበረበት ዘመን

ስለ ሳራዬቮ ምግብ ጽፎ ስለ ሳራዬቮ ረሃብ አለመጻፍ አይቻልም። ከተማዋ ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 ድረስ 1,425 ቀን ተከባ ነበር። በተራሮቹ ላይ መድፍና አልሞ ተኳሽ ተጠምዶባት መብራት፣ ውኃና ጋዝ ተቋረጠባት። እኛ ቱፋሒያ ከበላንበት ሥፍራ ወንዙን ተሻግሮ የሚታየው የከተማው አዳራሽ በዚያን ጊዜ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንጻ ነበር። በነሐሴ 1992 በመድፍ ተመትቶ ከነመጻሕፍቱ ነደደ፤ ታድሶ የተከፈተው በ2014 ነው።

እማማ ሁለት ዓመት በከበባው ውስጥ ቆይተዋል። እንደነገሩን ከሆነ ሩዝና መኮሮኒ ሲገኝ በዓል ነበር። ሳማ እየቀቀሉ በልተዋል። በፎቅ ቤቱ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ቲማቲም ተክለዋል። የቤት ዕቃ ፈልጠው ማገዶ አድርገዋል። ቡና ሲጠፋ ምስር ቆልተው አፍልተዋል። «ፊልጃኑን ግን ማቅረብ አልተውንም፤ ጎረቤት ቢመጣ ባዶ እጃችንን አናስተናግድም ነበር» ሲሉ አጫውተውናል።

በአየር ይመጣ የነበረው ዕርዳታ ከ1992 እስከ 1996 የዘለቀ ሲሆን፣ በጊዜ ርዝመት ከበርሊኑ የአየር ድልድይ የበለጠ ነው። ነገር ግን የከተማው ሕዝብ ስለ ዕርዳታው የሚያወራው በምሬትና በፈገግታ መሐል ሆኖ ነው። በ2007 በከተማዋ አንድ ግዙፍ የሥጋ ቆርቆሮ ሐውልት ቆሟል፤ በከበባው ጊዜ ይታደል የነበረው የታሸገ ሥጋ ምስል ነው። በላዩም ሕዝቡ ለዓለም አቀፉ ኅብረተሰብ ያለውን «ምስጋና» የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። ስላቁ ለገባው ሰው ንግግር አያስፈልገውም።

በ1993 አጋማሽ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር ለሥር 800 ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ተቆፍሮ አለቀ። ዱቄት፣ መድኃኒት፣ ድንችና ሰው የገባውና የወጣው በዚያ ነበር። እማማም የወጡት በዚያው ነው። ዛሬ አጭር ክፍሉ ለጎብኚ ክፍት ነው። ጎንበስ ብለን ስንገባ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

ማርካሌ የሚባለው የአትክልት ገበያ በመሐል ከተማ ነው። በየካቲት 1994 በአንድ ቀን 68 ሰዎች፣ በነሐሴ 1995 ደግሞ 43 ሰዎች በሞርታር የተገደሉበት ነው። አብዛኞቹ የቤታቸውን አስቤዛ ሊገዙ ወይም ያላቸውን ሊሸጡ የወጡ ሰዎች ነበሩ። የሟቾቹ ስም የተጻፈበት መታሰቢያ በገበያው ውስጥ አለ። ዛሬ ከዚያው አጠገብ ኮክና ፕለም በየመደቡ ተቆልሎ ይሸጣል። አንዲት ሴት ኪሎ ኮክ መዝነው ሲያበቁ ሁለት ፍሬ በላዩ ጨመሩልን። ምርቃት ማለት ነው። ያን ኮክ በልተን ፍሬውን ስንጥል እጃችን ከበደን፤ በከበባው ዘመን አንድ ኮክ ምን እንደነበረ እያሰብን ነበር።

ኒዕማን ማወቅ ማለት ይህ ይመስለናል። ጠግቦ የበላ ሰው ምግቡን ያደንቃል። የተራበ ሰው ባለበት ቦታ የበላ ሰው ግን የሰጠውን ጌታ ያስታውሳል። ሁለታችን ከዚያን ቀን በኋላ በሳሕናችን ላይ ፍርፋሪ አላስቀረንም።

መርሐመት

አሁን ወደ ወረቀቱ ግርጌ እንመለስ። መርሐመት ማለት እዝነት ማለት ነው፤ ከረሕማ የመጣ ቃል ነው። በሳራዬቮ ግን በ1913 የተቋቋመ የሙስሊሞች የበጎ አድራጎት ማኅበር ስምም ነው። በኮምኒስቶቹ ዘመን ታግዶ ቆይቶ በ1991፣ ልክ ጦርነቱ ሊመጣ ሲል፣ እንደገና ተቋቋመ። በጦርነቱ ጊዜ ካበሉት አንዱ ነበር። ዛሬም ለችግረኞች፣ በተለይም ጡረታቸው ለማይበቃቸው ሽማግሌዎች፣ ትኩስ ምግብ የሚያቀርብ ወጥ ቤት አለው። ከዒሳ ቤግ ወቅፍ ጀምሮ ስናስበው ወጥ ቤቱ ስሙን ለወጠ እንጂ እሳቱ አልጠፋም ለማለት ይቻላል።

እማማ በከበባው ጊዜ ከመርሐመት ድስት መብላታቸውን የነገሩን ስንመለስ ነው። ስንሄድ ግን ያሉን ይህን ብቻ ነው፤ «እናንተ ሁለት ናችሁ፤ በየቀኑ ለሦስት ሰው እንዳዘዛችሁ ቁጠሩ»። እኛም በዚሁ መሠረት በየቀኑ የአንድ ሰው የምሳ ዋጋ በፖስታ እያስቀመጥን ቆየን። አሥር ፍሬ ቼቫፒ በምናዝበት ቀን ከአሥር ፍሬው ዋጋ፣ ቡሬክ በምንበላበት ቀን ከቡሬኩ ዋጋ። በሰባተኛው ቀን ፖስታውን አስረከብን። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ሰባት ቀን ሙሉ ገበታችን ላይ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ጣዕሙን ለወጠው። ከመጠን በላይ ለማዘዝ እጃችን ሲዘረጋ የምናስበው እሱን ነበር።

ለሚሄዱ ቤተሰቦች

እንዲህ ላለው ጉዞ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች እንጨምር።

አንደኛ፣ ስለ ሐላል። በባሽቻርሺያ ያሉት የቼቫፒና የቡሬክ ቤቶች በአብዛኛው የሙስሊሞች ናቸው፤ ብዙዎቹም መጠጥ አይሸጡም። ይሁን እንጂ ሳራዬቮ የሙስሊሙም፣ የኦርቶዶክሱም፣ የካቶሊኩም፣ የአይሁዱም ከተማ ናት። የአራቱም ቤተ ጸሎቶች በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ከገበያው ውጪ ስትበሉ መጠየቅ ነውር አይደለም። አገሬው ጥያቄውን ለምዶታል፤ በትሕትናም ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ ስለ መጠን። አንድ ሰው የሚታዘዝለት ምግብ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይበቃል። በአንድ ትሪ ጀምሩ፤ ካልበቃችሁ ጨምሩ። ኢስራፍ የሚጀምረው ከትዕዛዝ ነው። የተረፈውን ማስቋጠር አያሳፍርም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገንዘብ። የአገሩ ገንዘብ የሚለወጥ ማርክ ይባላል፤ ከኤውሮ ጋር ያለው ምንዛሪ የተወሰነ ነው፤ አንድ ኤውሮ ሁለት ማርክ ለመሙላት ጥቂት ይጎድለዋል። በትናንሽ ምግብ ቤቶች ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይበጃል። ውኃ ግን መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ በከተማው የሚፈሰው የቧንቧና የምንጭ ውኃ ይጠጣል።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ከከተማ ውጡ። ኢሊጃ በተባለው አካባቢ የቦስና ወንዝ ከተራራው ሥር የሚፈልቅበት ቭሬሎ ቦስኔ የሚባል መናፈሻ አለ። በግራና በቀኝ ትልልቅ ዛፍ በተተከለበት ረጅም መንገድ በእግር ወይም በፈረስ ጋሪ ይደረሳል። ሶሙን፣ አይብና ቲማቲም በጨርቅ ቋጥራችሁ ሄዳችሁ ከውኃው ዳር ብትበሉ ከማናቸውም ምግብ ቤት አያንስም።

ውድ አንባቢዎቻችን! ሳራዬቮ ለመሄድ አቅሙ ወይም ፈቃዱ የሌለው ብዙ ነው። የጽሑፋችን ቁም ነገር ግን በሳራዬቮ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በደሴም፣ በጅማም፣ በሐረርም፣ በፍራንክፈርትም ሆነ በጅዳ ባልና ሚስት በቀን ውስጥ አንዲት አብረው የሚበሏት ገበታ ይኑራቸው፤ ግማሽ ሰዓት ብትሆንም። በዚያች ገበታ ላይ የሚቀመጠው ነገር ሽሮም ሆነ ሥጋ ለውጥ የለውም። ከእርሷም ጎን ለሦስተኛው ሰው፣ ለጎረቤት፣ ለመንገደኛ ወይም ለችግረኛ የምትሆን አንዲት ድርሻ ትታሰብ። ትዳርን የሚያቆየውም፣ ከተማን ከረሃብ የሚያወጣውም ይኸው መሆኑን ያየነው ይመሰክራል።

አላህ ገበታችሁን በረካ ያድርግላችሁ፤ የተራቡትን ያጥግብ፤ የተከበቡትን ነጻ ያውጣ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።